ባህሩ ሲሸሽ የሚገኝ መንገድ፦ ከጎርጎራ እስከ መገጭ አፍ

ጎንደር ውስጥ ስለ እግር ጉዞ ሲወራ የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ ስሜን ነው። አይፈረድም። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መንገዱም ማደሪያውም የታወቀ ነው። ግን ከከተማዋ በሌላው አቅጣጫ፣ በአዘዞ በኩል በቆላ ድባ አድርገው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርዱ ጣና አለ። እዚያ ከጎርጎራ የሚነሳ የእግር መንገድ አለ። የባህሩን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዞ፣ በመንደሮችና በደንገል ረግረግ እያለፈ ወደ መገጭ ወንዝ አፍ ይሄዳል።

ይህ የጉዳይ ጥናት ስለዚያ መንገድ ነው። አንድ ችግር ተፈጠረ፣ በዚያ ምክንያት መንገዱ እንደ አዲስ ተሠራ። እኔም ከሠሩት የጎንደር አስጎብኚዎች አንዱ ነኝ። እንዴት እንደተሠራ በዝርዝር የምጽፈው በጣና ዙሪያ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

ምን ተፈጠረ

ነገሩ የሆነው ከኮሮና በፊት፣ በጥቅምት ወር ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ አስጎብኚ ድርጅት የውጭ እንግዶች ይዞ ጎርጎራ ገባ። የሚመራቸው ልጅ ስልኩ ላይ የተጫነ የጂፒኤስ መስመር ነበረው። መስመሩ የተቀዳው ሚያዝያ ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ ያንን መስመር ሕፃን ልጅም ይሄደዋል። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ሣሩን ከብት ግጦታል፣ ባህሩ ራቅ ብሎ ይታያል።

ጥቅምት ላይ ግን ያው መስመር ውሃ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር፣ ትንሽ ሲሄዱ ጉልበት ደረሰ። ከውሃው ሥር ያለው ዋልካ፣ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው። በዚህ በደንቢያ ሜዳ ያለውን ዋልካ የረገጠ ሰው ያውቀዋል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ልጁ እንግዶቹን ወደ ደረቁ መለሳቸው። ጥሩ አደረገ። ችግሩ ደረቁ መሬት ሁሉ የተዘራ መሆኑ ነው። ገና ብቅ ያለ የሽምብራ ማሳ መሐል ለመሐል አቋርጠው ወጡ። ባለማሳው ደግሞ እዚያው ነበር።

እጅ አልተሰነዘረም። ጩኸት ግን ነበር፣ ሰው ተሰበሰበ፣ እንግዶቹ ደነገጡ። ጎርጎራ ያለ አንድ የምናውቀው የጀልባ ሠራተኛ ደወለልን። እኛ ስንደርስ የመንደሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገሩን ይዘውታል። አንደኛው አዛውንት ልጁን አስቀምጠው በለሆሳስ ያናግሩታል።

«ልጄ፣ ይኼ ያንተ መንገድ እኮ የግንቦት መንገድ ነው» አሉት። «ባህሩ ገና አልሸሸም። ሲሸሽ ና፣ እኛው እናሳልፍሃለን።»

«ይቅርታ አባባ፣ ካርታው ላይ መንገድ ነው የሚለው» አላቸው።

«ካርታውን የጻፈው ሰው በየትኛው ወር መጣ?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ መልስ አልነበረውም። ለተረገጠው ቡቃያ ካሳ ተከፈለ፣ ይቅርታ ተባባሉ፣ ነገሩ በዚያው ምሽት አለቀ። ለእኛ ግን ሥራው የጀመረው ያኔ ነው። ከሽማግሌዎቹ የመጣው ጥያቄ ግልጽ ነበር። ሰው ይምጣ፣ እንግዳ አንጠላም። ግን መቼ መጥቶ በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ እኛን ይጠይቅ።

ባህሩ ለምን ቦታ ይቀይራል

ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ግን አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ውሃው ከፍ የሚለው ክረምቱ አልቆ ወንዞቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እንደ ዓመቱ ቢለያይም አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው።

አንድ ሜትር ተኩል ሲባል ትንሽ ይመስላል። ጎርጎራ ላይ በእርግጥም ትንሽ ነው። እዚያ ዳርቻው ድንጋያማ ነው፣ ኮረብታው ባህሩ ድረስ ይወርዳል፣ ውሃው ቢወጣም ቢወርድም ድንጋዩ ላይ ምልክት ብቻ ይተዋል። ወደ ድርማና ወደ መገጭ ወንዞች ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። የደንቢያ ሜዳ እጅግ ጠፍጣፋ ነው። በ500 ሜትር ርቀት ውስጥ አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ መሬት እናስብ። እዚያ ላይ ውሃው አንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ ዳርቻው 750 ሜትር ይሸሻል። ከዚያ የባሰ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ደግሞ ከኪሎ ሜትርም ያልፋል። ጥቅምት ላይ አሳ የሚጠመድበት ቦታ መጋቢት ላይ ከብት ይሰማራበታል።

ይህ በየዓመቱ የሚመጣው ነው። ዓመቶቹ ራሳቸውም አይመሳሰሉም። ባህር ዳር ከተማ አጠገብ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨራጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1996 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውሃው ከፍታ በዝናብ ብቻ አይወሰንም፣ ለኃይል ማመንጫ በሚለቀቀው መጠንም ይወሰናል። በ2003 እ.ኤ.አ. ባህሩ ባልተለመደ ሁኔታ ወርዶ ጀልባዎች ወደብ ለመጠጋት ተቸግረው ነበር። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። እሱም ውሃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ስለዚህ «አምና እዚህ ጋ ደረቅ ነበር» የሚለው ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም።

ዳርቻው የማን ነው

ባህሩ ሲሸሽ የሚገኘውን መሬት ሰዉ ባህር ሸሽ ይለዋል። ባህር ሸሽ መሬት እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ዝናብ ሳይኖር ያበቅላል። ገበሬው ውሃው በለቀቀ ቁጥር እግር በእግር እየተከተለ ይዘራል። ሽምብራ፣ ጓያ፣ እንደ ቦታው ሽንኩርትና ሌላም አትክልት። የላይኛው ማሳ ሊሰበሰብ ሲደርስ የታችኛው ገና ቡቃያ ይሆናል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ባዶ ሜዳ የሚመስለው መሬት ባለቤት አለው፣ ተራ አለው፣ ወሰን አለው።

ባለቤቱ ደግሞ ገበሬው ብቻ አይደለም። እረኞች በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው የሚወርዱት እዚሁ ነው። ደንገልና ፊላ የሚያጭዱ አሉ። አሳ አጥማጆች መረባቸውን የሚያሰጡበትና ታንኳቸውን ጎትተው የሚያወጡበት የታወቀ ቦታ አላቸው። ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትና ልብስ የሚያጥቡበት ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ከባህሩ ጋር አብረው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ። እንግዳ የሚያሳልፍ መንገድ የሚገባው በዚህ ሁሉ መሐል ነው።

የሌላ አገር ሰዎች እንዴት ይዘውታል

ሥራውን ስንጀምር የባህር ዳርቻ መንገድ ያላቸው አገሮች እንዴት እንደሚያደርጉ አነበብን። ውቅያኖስ ዳር ያለው ሰው ችግሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ይለያል። የውቅያኖስ ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሳ ብዙ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በአንዱ ሙላትና በሚቀጥለው መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ አለ። ጣና ላይ የዚህ ዓይነት የጨረቃ ሙላት አይታይም። የእኛ ሙላት በዓመት አንዴ ነው፣ የሚያመጣውም ክረምት ነው።

ከሁሉም ያስገረመን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለው ሞርካም ቤይ ነው። ባህሩ ሲጎድል ሰፊ አሸዋ ይገለጣል፣ ሰዎች ከዳር ዳር በእግር ያቋርጡታል። ቦታው ገዳይ ነው። የሚውጥ አሸዋ አለው፣ ውሃው ሲመለስ በየጎድጓዳው ገብቶ ከኋላ ይዘጋል። በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. በዚያ አሸዋ ላይ ቅርፊት ለባሽ የባህር እንስሳት ሲለቅሙ የነበሩ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ሠራተኞች ማታ ውሃ ደርሶባቸው ሞተዋል። የሚያቋርጥ ሰው እንዲመራ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በንጉሥ የሚሾም መሪ አለ። መሪው ሰው ከማሳለፉ በፊት ራሱ ሄዶ ያያል። በአሸዋው ላይ የሚያልፈው ወንዝ መሄጃውን ስለሚቀያይር፣ ማለፊያውን የሚያመለክተው የዛፍ ቅርንጫፍ እየተከለ ነው። ወንዙ ሲዞር ምልክቱም ይዛወራል።

ሁለተኛው የጠቀመን ነገር ሕግ ነው። እንግሊዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የባህርና የባህር ዳርቻ ሕግ መንገዱ ከዳርቻው ጋር ወደ ኋላ ማፈግፈግ እንዲችል ይፈቅዳል። ባህሩ መሬቱን ሸርሽሮ ሲበላ መንገዱ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አብሮ አይጠፋም። ይህን ያነበብን ቀን የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለን። እሳቸው የጠየቁት እንዲህ የሚንቀሳቀስ መንገድ ነበር።

እንዴት ተሠራ

መስመሩን ቢሮ ተቀምጠን አላሰመርነውም። በየመንደሩ የሚያሳየን ሰው እየያዝን በእግር ሄድን። የሚያሳየን ሰው ሁሌ አንድ ዓይነት እንዳይሆንም ተጠነቀቅን። ገበሬው ስለ ማሳው እንጂ ስለ መረብ ማሰጫው አይነግርህም። አሳ አጥማጁ ውሃውን ያውቃል፣ የማሳ ወሰን ግን አይመለከተውም። እረኛ ልጆች ደግሞ የሁሉንም ያውቃሉ። የትኛው ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ አረንቋ እንደሆነ ከእነሱ የተሻለ የነገረን የለም።

አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ባህሩ ዳር ባሉ ጥቂት ዛፎች ሥር ያልፍ ነበር። ጥላ አለው፣ እይታው ያምራል፣ እኛ ምሳ መብያ ልናደርገው ነበር። አንዲት እናት ውሃ ቀድተው ሲመለሱ አገኙን። «ወንድሜ፣ በዚህ እንዳታመጧቸው» አሉ። «እኛ ገላችንን የምንታጠበው እዚህ ነው።» መስመሩ ከዚያ ቦታ ራቀ። ከወንዶቹ ጋር ስንዞር ይህን የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ሴቶችን ለብቻ መጠየቅ የሥራው አካል ሆነ።

በመጨረሻ የወጣው ነገር አንድ መስመር አልነበረም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከጎርጎራ ኮረብታዎች ወዲያ መንገድ የለም፣ ሜዳው ሁሉ ጭቃና ውሃ ነው። በዚያ ወቅት የሚመጣ እንግዳ ጎርጎራንና ዙሪያዋን ብቻ ያያል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የላይኛው መንገድ ይከፈታል። እሱ መንደር ለመንደር ይሄዳል፣ ባህሩን ከሩቅ ያሳያል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የመሐሉ መንገድ ነው፣ በማሳዎች ወሰን ላይ ይሄዳል፣ አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ በሰልፍ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ የታችኛው ይመጣል። በጣም የሚያምረው እሱ ነው። ውሃው ዳር ይዞ፣ በደንገሉ ጫፍ እየታከከ ይሄዳል።

ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬድበትን ቀን የሚወስነው የመንደሩ ሰው ነው። ምልክቱ ችካል ነው። የየመንደሩ ወጣቶች ችካሉን ይተክላሉ፣ ባህሩ ሲሸሽ ነቅለው ያወርዳሉ፣ ሲመለስ ያወጡታል። ለሥራቸው ይከፈላቸዋል። አስጎብኚው ጎንደር ሆኖ ከመነሳቱ በፊት ደውሎ ችካሉ የት እንዳለ ይጠይቃል። ስልኩ ላይ ያለው መስመር ይረዳዋል፣ የሚያዘው ግን ችካሉ ነው።

በዚህ ላይ ክርክር ነበር። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን እንግዳ የሚፈልገው እርግጠኛ ነገር ነው፣ «እንደ ባህሩ» የሚባል ፕሮግራም አይሸጥም አሉ። ስጋታቸው ገባኝ። ግን ሞርካም ቤይን የሚያቋርጥ ሰው የሚነሳበትን ሰዓት ከባህሩ ነው የሚቀበለው፣ ሰዉ ደግሞ ይሄዳል። የእኛም እንግዶች ቀድመው ሲነገራቸው ቅር አላላቸውም። ለምን እንደሚቀየር ሲያውቁ እንዲያውም ይበልጥ ይጠይቁ ነበር።

እግር ስለሚነክርበት ውሃ

ይህን ክፍል ማሳጠር አልፈልግም። ውቅያኖስ ዳር ያደገ እንግዳ ጫማውን አውልቆ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መሄድ ያስደስተዋል። ጣና ላይ ግን ይህን አንፈቅድም። በዳርቻው ውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ቢልሃርዝያ ይተላለፋል። ጎርጎራ አካባቢ በሽታው አለ። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ባዶ እግር በረጋ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃል። የመንደሩ ልጆች በየቀኑ የሚዋኙት በዚሁ ውሃ መሆኑ ያሳዝነኛል። ለእንግዳ ቦቲ እያቀረብን ለእነሱ ምንም ሳናደርግ ማለፍ ከበደን። ስለዚህ ከመንገዱ ገቢ ላይ የተወሰነው ለመንደር ውሃ መቅጃ ጥገና እንዲውል ተስማማን።

ወባ ሁለተኛው ነው። የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ለጎንደር ሰው ይህ የቆየ ታሪክ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. አካባቢ በደንቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። በሚቀጥለው ዓመት፣ 1954 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተበት አንዱ ምክንያት ያ እልቂት ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እዚያ ነው። የላይኛው መንገድ በሚከፈትበት ወቅት ዳርቻው ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ስለዚህ ክልክል ነው፣ ሁሉም ጎርጎራ ተመልሶ በአጎበር ያድራል።

ጉማሬም አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። አደጋው በእሱና በውሃው መካከል መግባት ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ከደንገሉ አጠገብ አይኬድም፣ ከ11 ሰዓት በኋላም እንደዚያው። ፎቶ የሚወዱ እንግዶች በዚህ ይከፋቸዋል፣ ጥሩው ብርሃን ያን ጊዜ ነውና። ሕጉ ግን አልተነካም።

ወፎቹን በተመለከተ የተወሰነው ቀላል ነው። ደንገል ውስጥ ማንም አይገባም። ራሷ ላይ የወርቅ አክሊል የመሰለ ላባ ያላት ጥቁር ረጅም ወፍ በክረምትና ክረምቱ እንዳለፈ ረግረግ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች። ሰው ሲጠጋት እንቁላሏን ጥላ ትነሳለች። በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡት ግራጫ ረጃጅም ወፎች ደግሞ የተሰበሰበ ማሳ ላይ በመንጋ ይለቅማሉ፣ ከመንገዱ ላይ ሆኖ በደንብ ይታያሉ። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ውስጥ የገባው ለእንዲህ ያለው ሀብቱ ጭምር ነው።

እምቦጭን እናሳይ ወይስ እንደብቅ

መንገዱ የሚያበቃበት አካባቢ እምቦጭ መጀመሪያ የታየበት ቦታ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. መገጭ አፍ ላይ ታወቀ፣ ከዚያ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፋ። አረሙ የደቡብ አሜሪካ ነው። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ዘሩ ደለል ውስጥ ለብዙ ዓመት ተቀብሮ ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይበቅላል። ለዚህ ነው በአንድ ዘመቻ የማያልቀው። አሳ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ይሸፍናል፣ ታንኳ አያሳልፍም፣ ባህሩ ሲሸሽ ደግሞ ባህር ሸሹ መሬት ላይ ተኝቶ ይቀራል። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት እሱን መንቀል አለበት። ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ የዋሉ ሰዎችን ያየ ሰው የድካሙን ልክ ያውቀዋል።

አንዳንዶች መንገዱ ከእምቦጩ በፊት ይቁም አሉ። እንግዳ ውበት ሊያይ መጣ እንጂ አረም ሊያይ አልመጣም ተባለ። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ዳርቻውን እናሳያለን ካልን እንዳለ እናሳየው። ደግሞስ እምቦጩ ከእኛ ከተማ ጋር ግንኙነት የለውም? የጥምቀት ዕለት የምንረጨው የፋሲል መዋኛ ውሃ የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ ነው። ቀሃና አንገረብ መገጭ ይገባሉ። መገጭ ጣና ይገባል። ከጎንደር የወጣ ፍሳሽና ከማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ እምቦጩን ይመግባል። የሃይላንድ ጠርሙሱም በዚሁ ይወርዳል፣ ረግረጉ ጫፍ ላይ ተከማችቶ አይተነዋል። ለእንግዶች ይህን የምንነግረው በከተማችን ለማፈር አይደለም። ውሃው አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። በተለይ ከጎንደር ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ልጆች ከቀሃ ተነስተው በካርታ እየተከተሉ እዚህ ሲደርሱ የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ ነው።

የመንገዱ መነሻ

ስለ ጎርጎራ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አላስረዝምም። ደብረ ሲና ማርያም ከነሥዕሎቿ የመንገዱ መነሻ ናት። ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ቅርብ ነው፣ ግን ሴቶች አይገቡበትም። ቡድኑ ለሁለት እንዳይከፈል ብለን በጋራ የሚጎበኘው ደብረ ሲና ነው፣ ማንዳባ ለሚፈልግ ሰው በጀልባ ለብቻው ይዘጋጃል። አፄ ሱስንዮስ የተቀመጡበት የድሮው ጎርጎራና የማርያም ግምብ ፍርስራሽ በስተምዕራብ ነው፣ መንገዳችን በስተምሥራቅ ስለሚሄድ ሌላ ቀን ይፈልጋል። ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ከመመሥረታቸው በፊት አባታቸው ሱስንዮስ እዚህ ጣና ዳርቻ ነበሩ። ለጎንደር ሰው ይህ መሬት የከተማው ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

መንገዱ በዚህ አሠራር ሥራ ከጀመረ በኋላ በማሳ ምክንያት የተነሳ ክስ አልመጣም። የማሳ ወሰን ላይ በሰልፍ መሄድ ለእንግዶች መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ይለምዱታል። ችካል የሚተክሉት ወጣቶች በራሳቸው ተነሳሽነት አደገኛ አረንቋ ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰር ጀመሩ። የክፍያ አከፋፈሉ ግን ብዙ አጨቃጭቋል። ማሳው በመንገዱ ጫፍ ላይ የሚገኝ ሰው ምን ያህል ያግኝ፣ ማሳው ያልተነካስ? በመጨረሻ ክፍያው ለግለሰብ ሳይሆን ለጎጥ እንዲገባ ተወሰነ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳውን ከዚያ ይወስዳል። ሁሉንም ያስደሰተ ውሳኔ አይደለም። ከሌሎቹ አማራጮች ግን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት አለ። የውጭ እንግዳ የለም ማለት ይቻላል። የአገር ውስጥ ሰውም ለመውረድ መንገዱ ሰላም መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ማንም ሰው ይህን አንብቦ በቀጥታ እንዲነሳ አልመክርም። በመጀመሪያ ጎንደር ያሉ አስጎብኚዎችን ይጠይቅ።

ያልተፈታው ነገር መገጭ አፍ ነው። አሁን መንገዱ የሚያበቃው በወንዙ ምዕራብ ዳር ነው። ኅዳር ሳይጋመስ መኪና በዋልካው ላይ እዚያ ስለማይደርስ ጥቅምት ላይ የሚሄዱት ወደ ጎርጎራ የሚመለሱት በጀልባ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ በጎንደር ዙሪያ ወረዳ በኩል ያሉ መንደሮች መንገዱ ወደ እነሱ እንዲቀጥል ጠይቀዋል። እንግዳን በደንገል ታንኳ ማሻገር የሚለው ሐሳብ ለዓይን ያምራል፣ ግን ደንገል ታንኳ ለወራት እንጂ ለዓመታት አይቆይም፣ ጭነቱም ትንሽ ነው። የእንጨት ጀልባ ይሻላል ብለናል። ማን ይግዛው፣ ማን ይቅዘፈው የሚለው በሁለቱ ዳር ሽማግሌዎች መካከል ገና እየተነጋገሩበት ያለ ጉዳይ ነው። የምሥራቁ ዳር ሰዎች በየትኛው ወር በየት በኩል እንደሚያሳልፉ ግን ነግረውናል፣ ከእኛው ዝርዝር ጋር ተጽፎ ተቀምጧል።